የዕድልህን ካርድ አሳየኝ

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» አልክ ጋሼ? ደግ። ዕድሉ ስንት ኪሎ ይመዝናል? ስድስተኛ ሳምንቱን መቼ ደፈነ? የክትባት ካርዱስ የታለ? የለም! ሦስት ስኒ ቡና ያልዘጋው አፍ በአንዲት ካርድ ተዘጋ። ቡና ጠጪዎች፣ ምስክር ሁኑኝ።

ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ጋሽ በዕድሉ ነው። መታወቂያህን ልታስቀይር ወረዳ ስትሄድ እግረ መንገድህን ጤና ጣቢያ ጎራ በል። የልጅ ልጅህ ዐሥረኛ ወሩን አልፏል፤ ጭኑ ገና መርፌ አያውቅም።

እስቲ ልጠይቅህ። መኪናህንስ ለምን በዕድሉ አትተወውም? ለቦሎ ቀን ትቆጥራለህ። ዘይት የሚቀየርበትን ኪሎ ሜትር በቃልህ ትወጣዋለህ። ፍሬኑ ሲያፏጭ በዚያው ቀን ጋራዥ ነህ። የሕፃኑ ደረት ሲያፏጭ ግን «ብርድ ነው፣ ያልፋል»! ለፍሬን ጋራዥ፣ ለሳንባ ዕድል? ኧረ ጋሼ!

ያቺ አንተ «የቤት ለቤት ልጅ» የምትላት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ምን እንደምታደርግ አይተሃል? የልጁን ልብስ ገለጥ ታደርግና ደቂቃ ሙሉ ሆዱን እያየች ትንፋሹን ትቆጥራለች። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለ ልጅ በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ዓመት ካለፈው ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሳንባ ምች ነው ብላ ትነሣለች። ለመቁጠር አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጅባት። አንተስ ቀኑን ሙሉ ምን ስትቆጥር ዋልክ? የዳማ ጠጠር!

ተነሥተህ አትሂድ፤ ገና ጀበናው አልወረደም።

«እኛ ሳንከተብ አድገን ምን ሆንን?» አልክ። ምን ሆናችሁማ? ይህን የምትጠይቁ ሆናችሁ!

ደግሞ «እኛ» ስትል እነማንን ነው? እዚህ በርጩማ ላይ የተቀመጣችሁትን። ያልተቀመጡትስ? «አድገናል» የሚለው ያደገው ብቻ ነው ጋሼ። ያላደገው መጥቶ አይሟገትህም። ባላጋራህ በሌለበት ችሎት ቆመህ «ረታሁ» ትላለህ! እናትህ እንግዳ ሲጠይቃቸው ምን ይሉ ነበር? «ሰባት ወልጄ አራቱ አደጉልኝ»። ድሮ ስንት ወለድሽና ስንት አደጉልሽ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ነበሩ። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ እየሆኑ የመጡት በአንተ ዕድል መሰለህ?

ቁጥር ልስጥህ፣ ቁጥር ከወደድክ። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ከስድስት አንድ ማለት ነው። እዚህ በርጩማ ላይ ስድስት ነን። በል አንተ ምረጥ፣ ማን ይነሣ? ማንም አይነሣም! የሰው ሲሆን «በዕድሉ» ነው፤ ወደ በርጩማህ ሲመጣ ግን በርጩማውን ጨበጥክ።

በ2008 ዓ.ም. ያ 166 ወደ 67 ወረደ። በ16 ዓመት ውስጥ ዕድል ምን ነካው? ኮርስ ገባ? ኮርስ የገቡትማ ሌሎች ናቸው። ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ልጆች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ተመደቡ። ይህ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ነው። ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። ክትባት፣ የመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ፣ የወባ አጎበር፣ የወላድ እናት ክትትል፣ ሁሉም በእነሱ ጫንቃ። ዳገት በጫማ ወጡ፤ ጫማው ሲያልቅ በእግር ወጡ። አንተ «ዕድል» የምትለው እኮ ደብተር ይዞ በርህን አንኳክቷል። «የለም በሉት» አልክ እንጂ!

ጤና ኬላ ሲሉህ ደግሞ «ኬላ» የሚለው ቃል አስደነገጠህ መሰለኝ። አይዞህ ጋሼ። ይህኛው ኬላ የሚይዘው በሽታ ብቻ ነው፤ አንተን ያሳልፍሃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሳልከተብ አደግሁ አልክ አይደል? ሸሚዝህን ከፍ አድርግ። የግራውን። ትንሽ ጨምር። እሰይ! ትከሻህ ሥር ያለችው ያቺ ክብ ጠባሳ ምንድን ናት? የጥምቀት ሎሚ መትቶህ ነው? አየህ ጋሼ፣ አንተ ረሳኸው እንጂ ቆዳህ ላይ ተከትቧል!

ልጅ ሳለህ ፈንጣጣ የሚባል በሽታ ነበር። ያልገደለውን ፊቱን ያበላሽ ነበር፣ ዓይኑን ያጠፋ ነበር። በ1963 ዓ.ም. የማጥፋት ዘመቻው ተጀመረ። ከታቢዎቹ በእግር፣ በበቅሎ፣ መንገድ ሲጠፋ በሄሊኮፕተር እየዞሩ በየጎጡ ገቡ። በ1968 መጨረሻ የመጨረሻው በሽተኛ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ ፈንጣጣ የያዘው ሰው የለም። ጉንጭህ እንዲህ ለስልሶ የቀረው በዕድል መስሎህ ነበር? ዕድልህ በበቅሎ ነው የመጣው!

እናንተ ሳቁ፤ እሱ እጅጌውን ያውርድ።

ቀጥሎ ምን ሊል ነው? አውቄዋለሁ፤ «ክትባት ያተኩሳል»። አዎ፣ ሊያተኩስ ይችላል። ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን። ኩፍኝስ? ኩፍኝ ያተኩስና ይሄዳል? ሳንባ ምች ይጠራል፣ ተቅማጥ ያስከትላል፣ አንዳንዱን ዓይኑን ያጠፋዋል፣ አንጎሉን ያስቆጣዋል። አንተ የአንድ ሌሊት ትኩሳት ፈርተህ ይህን ሁሉ እንግዳ ታሳድራለህ?

ደግሞ ፈሪ ብትሆን ይቅር እልህ ነበር። ፈሪ አይደለህም። ልጁ ሲያስለው «እንጥሉ ወርዷል» ብለህ ሰፈር ውስጥ አንድ ሰውዬ ዘንድ ወሰድከው። ሰውዬው ምላጭ አወጣ። ምላጩ ትናንት የማንን ጉሮሮ እንደጎበኘ ጠየቅህ? አልጠየቅህም! የታሸገች መርፌ ፊትህ ተከፍታ፣ አንዴ ሠርታ ወደ ደህንነት ሣጥን ስትጣል «ንጹሕ ናት ወይ?» ትላለህ። ምላጭን አምነህ መርፌን ትጠረጥራለህ! እንጥል መቁረጥ ደም ያፈሳል፣ ያመረቅዛል፤ ሳሉ ግን እዚያው ነው። እንጥሉ ምን በደለ? ማጠር ያለበትስ ሌላ ምላስ ነበር።

«ታዲያ ተቅማጡስ? ጥርስ እያወጣ ነው እኮ!» ጋሼ በሞቴ። ጥርስ በላይ ነው የሚወጣው፤ ተቅማጥ በታች። መንገዳቸው የት ነው የተገናኘው? ልጁ መሬት ዳኸ፣ ያገኘውን አፉ ከተተ፣ ሆዱ ታወከ። ጥርሱ ምንም አላጠፋም፤ ገና ለምስክርነት እንኳ አልደረሰም! ተቅማጥ የሚገድለው ውኃ አሟጥጦ ነው። አንተ ደግሞ «ባዶ ሆዱን ይረፍ» ብለህ መጠጥ ትከለክለዋለህ። ኦ.አር.ኤሷን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጥ፣ በማንኪያ በማንኪያ ስጠው፣ ዚንኳን ለ10 ቀን አታቋርጥ፣ ጡቱንም አታስጥለው። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ደም ከቀላቀለው፣ መጠጣት ካቃተው ደግሞ ሳይመሽ ጤና ጣቢያ። ይህን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም፤ ኤክስቴንሽኗ በር ላይ ስትቆም ነይ ቡና ጠጪ ማለት ይበቃል።

ይቺ ዐቢይ ነጥብ ናት። ይህች ሴት ስትመጣ በረንዳ ላይ አስቁማችሁ አትሸኟት። አስቀምጧት።

ልጅህ ደግሞ ጥግ ሆኖ ይስቃል። ና አንተም ጎረምሳው፣ ተራህ ነው!

አርሰናል ቅዳሜ በስንት ሰዓት ይጫወታል? አወቅህ። ማን ቢጫ ካርድ አለበት? እሱንም አወቅህ። የልጅህ ካርድ ላይስ ምን አለ? «እናቱ ታውቃለች»። አባትነቱን በውሰት ነው የሰጠኸው? እንደ ተወለደ አንድ፣ ከዚያ 6ኛ ሳምንት፣ 10ኛ ሳምንት፣ 14ኛ ሳምንት፣ 9ኛ ወር፣ 15ኛ ወር። ዋና ዋናው ይኸው ነው። አርሰናል በሁለት ወር ውስጥ ከዚህ የበለጠ ይጫወታል፤ አንዱም አያመልጥህም!

በ6ኛው ሳምንት የምትሰጠው አንዷ መርፌ ብቻ ዘጊ አነቄን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ የጉበት በሽታንና ማጅራት ገትር የሚያመጣ ባክቴሪያን ትይዛለች። አንድ ሆኖ አምስት የሚያስቆም ተከላካይ የትኛው ክለብ አለው? ንገረኝ። ዝውውሩም በነጻ ነው!

ኦፍሳይዱ በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ሌሊቱን ሙሉ ትሟገታለህ። የልጅህ ክንድ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? አታውቅም። ጤና ኬላው ያውቃል። ባለቀለም ጥብጣብ አለች፤ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለ ልጅ ግራ ክንድ ላይ፣ ትከሻና ክርኑ መሐል ትጠመጠማለች። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በላይ አረንጓዴ። ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ። ከ11.5 በታች ቀይ። ቀይ ከሆነ ምክር የለም፣ ሕክምና ነው። ከፕሪሚየር ሊጉ ሁሉ ቀድመህ ማየት ያለብህ ቀይ ይኼ ነው። ጥብጣቧ ደግሞ ዳኛ አትሳደብም፣ ቪዲዮ አታስደግምም። ሃያ ሰከንድ አይሞላትም።

ጋሽ በዕድሉ ከዚያ ማዶ ያጉረመርማል፤ «ልጁ እኮ ያጠረው በአያቱ ወጥቶ ነው» ይላል። አያቱ አንተ ነህ! አንተ ደግሞ በዚህ በር ጎንበስ ሳትል ገብተህ አታውቅም። በማን አያት ነው የወጣው? በ1992 ዓ.ም. ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገራችን ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. 37 በመቶ። ይህም ከሦስት ልጅ ከአንድ በላይ ነበር። ሁሉም በአያቱ ወጣ? የቀነጨረ ልጅ የሚያጥረው ቁመቱ ብቻ አይደለም፤ ትምህርቱም፣ አቅሙም ያጥራል። ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ዓመቱ ባለው ጊዜ ያላገኘውን በኋላ በፓስታ አትተካለትም።

በረንዳህ ላይ ሦስት ዶሮ አለህ። እንቁላሉ ወዴት ይሄዳል? ግማሹ ለሱቅ፣ ግማሹ ለአንተ ቁርስ። ልጁስ? ውኃ የበዛበት አጥሚት! ዶሮዋ ጠዋት የምትጮኸው እንቁላሏን ላድርስ ብላ ነው፤ አንተ ግን ቀድመህ ሹካ ይዘህ ትቀመጣለህ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን በ2022 ዓ.ም. ላስቆም ብሎ ቃል ገብቷል። ሚኒስትሩን ቃሉን ጠይቀው፣ መብትህ ነው። አንተ ደግሞ በቀን አንድ እንቁላል ቃል ግባ። የሁለታችሁ ቃል ሲገናኝ ልጁ ያድጋል።

ምራትህ ሥራ ልትመለስ ነው አሉ። አንተም «ማቆያ ምናምን ቅንጦት ነው፤ እኛን ያሳደገን ሰፈር ነው» አልክ። ሰፈሩ የታለ? ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው! የፊት ለፊቱን ጎረቤትህን ስሙን ታውቀዋለህ? የበሩን ቁጥር ነው የምታውቀው። ሰፈሩ ልጅ ሊያሳድግ ይቅርና ቆሻሻ ማውጫው ላይ እንኳ አልተስማማም።

እዚህ ላይ ግን ዱላዬን ወደ ሕግ አውጪዎቹም አዞራለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት 90 ቀን ነው። ጤና ጣቢያው ደግሞ «እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ጠብታ ውኃ እንዳትሰጪው» ይላታል። ቀሪዎቹን ወራት ማን ያጥባ? አዋጁ? ነጋሪት ጋዜጣ ጡት የለውም! ለአባት የሰጠው ደግሞ 3 ቀን ነው፤ ዳይፐር መቀየር እንኳ በ3 ቀን አይለመድም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ደግ አደረገ። ታዲያ ማቆያ ያልከፈታችሁ አለቆች፣ ልጁን እስከ መቼ ታቆዩታላችሁ? ለስብሰባ የሚሆን አዳራሽ አላችሁ፣ ለአለቃ ሦስት ክፍል አላችሁ፣ ለአንድ ፍራሽና ለአንዲት ሞግዚት ቦታ ጠፋ? እናት እኮ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ጡቷ ልብሷን እያረጠበው ነው ደብዳቤ የምትጽፍላችሁ።

ጋሼ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። «አየህ! አገልግሎቱ ራሱ መቼ ይሠራል? ጎረቤቴ ልጇን ለኩፍኝ ክትባት ወስዳ ‹ልጅ አልሞላም፣ ሌላ ቀን ነይ› አሏት» ይላል።

እውነትህን ነው። ሰማችሁ? እውነቱን ነው አልኩት። ያች የኩፍኝ ጠርሙስ ብዙ ልጅ የምትከትብ ናት፤ ከተበጠበጠች ከስድስት ሰዓት በላይ አትቆይም፣ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ አንዳንዱ ባለሙያ ክትባቱን ሊያድን ብሎ እናትን ይመልሳል። ክትባቱ ተረፈ፤ ልጁስ? ከሁለት ሰዓት መንገድ በጀርባዋ ያመጣችው እናት ነገ አትመለስም፤ ሰብል አለ፣ ሌላ ልጅ አለ። ለአንድ ልጅም ቢሆን ጠርሙሷ ትከፈት! የሚባክነው ክትባት ይባክን፤ ጠርሙስ ይተካል። ኬላው ተዘግቶ ያገኛችሁ፣ ክትባት አልቋል የተባላችሁ፣ የተመናጨቁባችሁ፣ ሁላችሁም እውነታችሁን ነው።

ግን ጋሽ በዕድሉ፣ በዚህ ነው እኔ የምረታህ። ጤና ጣቢያው በር ላይ የአስተያየት ሣጥን አለ። ኃላፊ አለው፣ ከበላዩ ወረዳ አለ፣ ከወረዳው በላይ ጤና ቢሮ አለ። ሲዘጋ ታንኳኳለህ፤ ሲያጠፋ ትከስሰዋለህ። ዕድል ቢያጠፋብህስ ለማን አቤት ትላለህ? የዕድል ወረዳው የት ነው? የምትጮኽበት ሰው ያለው ነገር ነው የሚሻሻለው። ከ166 ወደ 67 የወረደው እንደዚያ ነው። አንተ ግን አገልግሎቱ ሲደክም እንዲጠነክር አልጮኽክም፤ ሰበብ አገኘሁ ብለህ እግርህን ዘረጋህ። የጤና መድኑንም «ሳልታመም ልክፈል?» ብለህ ተውከው። መድን ሳትገባ መዳን አማረህ!

አሁን ጎረምሳው ካርዱን ከሻንጣ ሥር ፈልጎ አመጣ። ጎሽ። በ2011 ዓ.ም. ጥናት መሠረታዊ ክትባቶቹን ሁሉ የጨረሱት ከ12 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት 43 በመቶው ብቻ ነበሩ። ከግማሽ በላዩ ጀምሮ አቋርጧል፣ ወይም ጭራሽ አልጀመረም። እንደ እነዚህ ያለ አንድ ልጅ እናንተም ቤት አለ።

እና አንባቢ፣ አንተም አንቺም፣ ቤታችሁ ካርድ ካለ ዛሬ ማታ አውጡት። ባዶ መስመር ካለበት፣ ጊዜው አለፈ ብላችሁ አትተዉት፤ ያመለጠው ክትባት እንዴት እንደሚቀጥል ጤና ጣቢያው ይነግራችኋል። ካርዱ ከጠፋም ባዶ እጃችሁን ሂዱ፤ ሌላ ይጻፍላችኋል። የሕፃናት ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ ክፍያ የለውም። 9ኛ ወሩን የሞላ ልጅ ኩፍኙን ይከተብ፤ 15ኛ ወሩን የሞላ ደግሞ ሁለተኛውን። ጋሽ በዕድሉም ነገ ጠዋት ሕፃኑን ታቅፎ ይሄዳል፤ መኪናው ቦሎ አለው።